ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው

ሻርጃ ናት፤ አል ናህዳ፤ አሥራ ስምንት ፎቅ ወጥቼ፣
ካሜራዬን በሦስት እግሩ ወደ ባሕሩ ክንድ አዙሬ ትቼ፣
ወረድኩ ወደ ወንበሬ፤ እንደ ልማዴ በሩን ልጠብቅ፣
ላይ ደግሞ ሌሊቱን እሱ ይጠብቅ።

አሮጌ ነው። ኬረላ የገባው ዊልሰን፣
በሦስት መቶ ድርሃም ሲተውልኝ፣ ቻርጀሩን ጨምሮ፣ ቦርሳውን፣
«ተጠንቀቅ» አለኝ፣ «ፋብሪካው ያልሰጠው ጠባይ አለበት፣
ካርዱ ላይ ጭኜ በየሃያ ሰከንዱ እንዲያነሣ ያስለመድኩት።
ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ለነፍሳቸው ነው፤ ደሞዝ የላቸውም፤
ቢበላሽ ዋስትና የለህ፤ ፋብሪካው አያውቅህም።»

የፈለግሁት ጉሙን ነው። በታኅሣሥ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ከውሃው ተነሥቶ ከተማ ይገባል፣ ያለ ኢቃማ፣ በጓሮ በኩል።

የአራት ሰዓት ሌሊት በሠላሳ ሰከንድ ሲታይ፣
ጉሙስ ጉም ነው፤ ማማዎቹ ግን እስክስታ ወረዱ ላይ በላይ።
አንገታቸውን ሰበቁ፤ ክሬኑ ተንቀጠቀጠ፤
ከተማው ወባ እንደያዘው ሰው ባንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተርበጠበጠ።

ብሎኑን አጠበቅሁ። አንደኛው እግር ጎማውን ጥሏል፤
ከነጠላ ጫማዬ ቆርጬ ሰፋሁለት፤ አሁን ቆሟል።
ማታ ግን ያው ነው።
ነፋሱ ነው አልኩ። የባስማቲ ከረጢት
አሸዋ ሞላሁና ከሥሩ አንጠለጠልኩት፤
ከረጢቱም በነፋስ እየተወዛወዘ፣
እንዲይዘው የታሰረው፣ ይዞት አብሮ ተጓዘ።

እንድሪስን ጠራሁት፣ የከሚሴውን፣ ኤሲ ጠጋኙን፤
ጫማውን አውልቆ ሰገነቱ ላይ ዘረጋ መዳፉን፣
እንደ ሐኪም ዝም ብሎ። «ይተነፍሳል» አለ፣ «ስማው፤
ሃያ ሁለት ኮምፕሬሰር ነው ዙሪያችንን የሚያንኮራፋው።
ጣሪያ ማለት ከበሮ ነው፤ መሃሉ ላይ ምን አቆመህ?
ወደ ጥጉ ውሰደው፣ ከምሰሶው አናት ይረፍልህ።»

ወሰድኩት። ከሥሩ ቁራጭ ምንጣፍ አነጠፍኩ።
መስተዋቱንም፣ በየፎቶው የሚያጨበጭበውን፣ አሰርኩ፤
በዊልሰን ፕሮግራም ገብቼ የማላውቀውን ቁጥር እየነካሁ።
ቀነሰ። አልጠፋም ግን። እንደ መርከብ ቀስ ብሎ፣
ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ የጠፋበት ዕቃ ያለ መስሎ።

እንድሪስ ነው ያያት። ሌንሱ ጎን፣ ከጥፍር ያነሰች ማብሪያ።
«ይህቺስ የምን ናት?»
የእጅ መንቀጥቀጥ ማረሚያ።
ሰው ይዞት ሲያነሣ፣ እጁ ሲርድ፣ ውስጥ ያለው ብርጭቆ
በተቃራኒው ይገፋል፣ ምስሉን ያጸናል ጠብቆ።
እዚህ ግን እጅ የለም። ብረት ነው የተሸከመው።
የሚያርመው መንቀጥቀጥ ሲያጣ፣ ራሱ የሚፈጥረው።
«ኧረ!» አለ እንድሪስ፣ «ሙዲራችንን በምን አወቀው?
እሱም ጥፋት ያጣ ቀን
ጥፋት የሚፈጥረው እሱ ነው።»

ዘጋኋት። ጠቅ አለች።

ማማዎቹ ቆሙ። ጉሙ በጉልበታቸው መሃል አለፈ፤
ጀልባዎቹን ዋጠ፣ ድልድዩን ዋጠ፣ የመስጊዱን ሜዳ አቀፈ፤
ከላይ የቀረው የክሬኖቹ ቀይ መብራት ብቻ ነበር፣
ብልጭ ድርግም የሚል፣ መሬት የሌለው ሀገር።

አንድ ቦታ ግን ዘለለ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ አንዴ፣
የዓይን ቆብ እንደሚርገበገብ።
ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ቆጠርኩ፣ ለሦስት አካፍዬ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ከአርባ አራት።
ነፋስ አልነበረም። ጥጉን የነካ ኮምፕሬሰርም የለም።
እኔ ነበርኩ።
ተንቀጠቀጠ ወይ ብዬ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣
በከባድ ጫማዬ አጠገቡ ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አይቼ፣
ረክቼ የወረድኩት።

«አውጣው» ይላል እንድሪስ፣ «ከሰባት መቶ ሃያ
አንዱ ቢጎድል ማን ይቆጥራል?»
እስካሁን አላወጣሁትም።

ዛሬም ተክዬዋለሁ። ጉም ይኖራል ተብሏል።
ዘጠኝ ተኩል። ሊፍቱ ፊት ለፊት፣ ወንበሬ ላይ፣
እጆቼን በጉልበቶቼ መሃል ይዣቸዋለሁ።
የአሥራ አንደኛው ፎቅ ሰውዬ ቁልፉን ረስቶ ይመጣል፤
እከፍትለታለሁ፤ እቀመጣለሁ።
ዘጠኝ ከአርባ።
እግሬ ወደ ደረጃው ያያል።
አልወጣም።